ጫማዎ ይገባል?

ጋሽ ደምሰው ከተቀበሩ ገና ሳምንት ሳይሞላ ባለቤታቸው እትዬ አሰለፈች ደወሉልኝ። ድምፃቸውን ለቅሶ አድክሞታል። «ልጄ፣ በሱ ስልክ መልእክት መጣ» አሉኝ። «ከሆስፒታሉ ነው። ነገ ቀጠሮ አለዎት ይላል። ዛሬ እንዴት ነዎት፣ ከአንድ እስከ አምስት ቁጥር ይላኩ ይላል። ምን ብዬ ልመልስለት?»

ልመልስለት ማለታቸው አንጀቴን በላው። ሰው የጠየቃቸው ያህል መልስ ሳይሰጡ መቅረቱ ነውር መስሎ ታይቷቸዋል።

እኔ የምሠራው እዚሁ አዳማ፣ ጋሽ ደምሰው በሠሩበትና በታከሙበት ሆስፒታል ኮምፒውተር ክፍል ነው። መልእክቱን የሚልከው ሲስተም ግን በእጄ አይደለም፤ የሚያዘው አዲስ አበባ ያለ አንድ ድርጅት ነው። ሰውዬው ሞተዋል፣ ስማቸውን አውጡት ብዬ ደጋግሜ አመልክቻለሁ። የመጣልኝ መልስ «ጥያቄዎ በሂደት ላይ ነው» የሚል ነው። ለእትዬ አሰለፈች ምንም አይመልሱ፣ ከሥራ ስወጣ እመጣለሁ ብያቸው ስልኩን ዘጋሁ። ከዚያ በሩን ቆልፌ አለቀስኩ።

ስለ ጋሽ ደምሰው የምጽፈው እሳቸው ራሳቸው ስላዘዙኝ ነው። ሲያዙኝም አንድ ነገር አስጠንቅቀውኛል፤ እሱን ቦታው ሲደርስ እናገራለሁ።

ጋሽ ደምሰው የሶፍትዌር ሰው ነበሩ። ኮምፒውተር ሙሉ ክፍል በሚይዝበት ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ ለማሽኑ የሚሰጠውን የወረቀት ካርድ እየበሱ ሥራ የጀመሩ፣ ከዚያ ወዲህ የመጣውን ማሽን ሁሉ ያዩ ናቸው። አዳማ የመጡት እትዬ አሰለፈችን አግብተው ነው። ሙቀቱን ሲራገሙ የሰማ ሁሉ ታዲያ ለምን አይሄዱም ይላቸዋል፤ እሳቸውም «ቤቱ የሷ ነው» ብለው ነገሩን ይዘጉታል። ሲያስቡ ጣታቸውን ጠረጴዛው ላይ ያንኳኳሉ። የኪቦርዳቸው ፊደላት ከመፋቃቸው የተነሳ ከሳቸው በቀር ማንም ሊጽፍበት አይችልም ነበር፤ ይህንንም እንደ ቁልፍ ይቆጥሩት ነበር።

«ሲስተም የለም» የሚለውን ቃል የሰሙ ቀን ደማቸው ይፈላል። አንድ ጊዜ አንድ መሥሪያ ቤት ጉዳይ ልናስጨርስ አብረን ሄድን። መስኮቱ ውስጥ ያለችው ልጅ እንደ ወትሮው ሲስተም የለም አለች። ጋሽ ደምሰው ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ በመስኮቱ አጎንብሰው፣ በትሕትና የት እንደሄደ ጠየቋት። ልጅቷ ሳቀች። እሳቸው አልሳቁም። ሲስተም የሚባለውን ሰው ነው የሠራው፣ የሚጠብቀውም ሰው ነው፣ ስለዚህ የሌለው ሰውየው ነው፤ እሱን ጥሪልኝ አሏት። ከኋላችን የተሰለፈው ሕዝብ ማጉረምረም ሲጀምር እጅጌያቸውን ይዤ አወጣኋቸው። ቢሮ እስክንደርስ ድረስ እንደተናደዱ ነበሩ።

አስተያየት የሌላቸው ነገር አልነበረም። ዲጂታል የሚለውን ቃል ከአፉ የማያወጣ ኃላፊ ሲያዩ «ይሄ ሰው ገና አልገባውም» ይሉናል። ጥሩ ፕሮግራም ማለት በሳቸው ቤት ማንም የማያወራለት ፕሮግራም ነው፤ ቧንቧው ውሃ ሲሰጥ ስለ ቧንቧ የሚያወራ አለ ወይ ይሉን ነበር። አዲስ የተመረቀ ልጅ ሁሉ መጥቶ የቆየውን አፍርሰን በአዲስ እንሥራው ሲል፣ ጣሪያው ያፈስሳል ወይ ብለው ይጠይቁታል። ካላፈሰሰ አርፈህ ተቀመጥ ነው። የማያስፈልግ ኮድ ያጠፋንበት ቀን ሳምቡሳ ይጋብዙናል፤ ለጻፍንበት ቀን ግን ምንም የለም። ምሳ ከተበላ በኋላ ስብሰባ አይገቡም፤ በአዳማ ሙቀት ከሰባት ሰዓት በኋላ የተወሰነ ውሳኔ ሁሉ በማግስቱ መታረሙ አይቀርም ባይ ናቸው።

መብራት ሲጠፋ ሌላው እፎይ ብሎ ሲበተን የኛ ሥራ ይጀምራል። ኮዱን ቀደም ብለው በወረቀት አትመው ያስቀምጣሉ። ግቢው ውስጥ ባለው የኒም ዛፍ ጥላ ሥር እንቀመጥና መስመር በመስመር ጮክ ብለን እናነባለን። መጀመሪያ ላይ እንደ እብድ ነበር የማያቸው። በኋላ ግን ትላልቆቹን ስሕተቶቻችንን ሁሉ ያገኘነው እዚያ ዛፍ ሥር እንደሆነ ማመን ግድ ሆነብኝ።

በቅርብ ዓመታት ደግሞ ሁሉም ሰው ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ማውራት ጀመረ። አንዱ ባልደረባችን እንግዲህ የርስዎ ሥራ አበቃለት፣ የጠየቁትን ሁሉ የሚመልስ መጣ ብሎ ሊያበሽቃቸው ሞከረ። ጋሽ ደምሰው አልበሸቁም። መመለሱን መች አጣነው፣ እኛ የምንሞተው በጥያቄው ነው አሉት። ልጁ አልገባውም። እኔ ግን ገብቶኛል፤ የኦቦ ቃሲምን ነገር አውቅ ነበርና።

ሆስፒታላችን የኩላሊት እጥበት ክፍል አለው። ኩላሊቱ መሥራት ያቆመ ሰው በሳምንት የተወሰኑ ቀናት እየመጣ ደሙ በማሽን ይታጠባል። ከቀረ ውሃው ሰውነቱ ውስጥ ይጠራቀማል። መጀመሪያ እግሩ ያብጣል፤ ከዚያ ውሃው ወደ ሳንባ ይወጣና ተጋድሞ መተኛት እንደ መስመጥ ይሆንበታል። ሕመምተኛው የሚመጣው ከየትም ነው፤ ከቆቃ፣ ከአዳሚ ቱሉ፣ ከአርሲ ነገሌ። ማሽኑ ጥቂት ነው። አንዱ ሲበላሽ መለዋወጫው እስኪመጣ ወራት ይፈጃል፤ ያን ጊዜ አንዳንዱ ሰው ዛሬ ይመለሱ ይባላል። ማን እንደሚገባና ማን እንደሚመለስ የሚለየውን የተራ ፕሮግራም የጻፉት ጋሽ ደምሰው ናቸው።

ሲጽፉት እንደ ልማዳቸው ቀኑን ሙሉ ሕመምተኞቹ የሚቀመጡበት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው። ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ፕሮግራሙ የሚነካው ሰው ወንበር ላይ ካልተቀመጠ አይጽፍም የሚል ሕግ ነበራቸው፤ እኛንም አስቀምጠውናል። የመጀመሪያው ፕሮግራም ነርሷ እንዴት ነዎት ብላ እንድትጠይቅና መልሱን እንድትመዘግብ ያደርግ ነበር። ደህና ያለ ወደ ኋላ፣ ደህና አይደለሁም ያለ ወደ ፊት።

ኦቦ ቃሲም ከአርሲ ነገሌ የሚመጡ አዛውንት ነበሩ። አንድ ቀን ነርሷ ሲስተር ሀዊ በኦሮምኛ «አከም ጅርቱ?» ብላ እንዴት እንደሆኑ ጠየቀቻቸው። «ፈያዳ፣ አልሐምዱሊላ» አሉ፣ ደህና ነኝ ማለታቸው ነው። ማሽን ተበላሽቶ ስለነበር ይመለሱ ተባሉ፤ መርቀው ወጡ። ጋሽ ደምሰው አግዳሚው ላይ ሆነው ሲወጡ አይተዋቸዋል። ጫማቸውን በፌስታል አንጠልጥለው፣ በባዶ እግራቸው ነበር። ሙቀቱ ነው ብለው አለፉት። ኦቦ ቃሲም አርሲ ነገሌ ሳይደርሱ ሚኒባስ ውስጥ ሞቱ።

ጋሽ ደምሰው ይህን ሰሙ። ከዚያ እንዴት ነዎት የሚለውን ጥያቄ ከፕሮግራሙ ላይ አጠፉት። ሳምቡሳም አልጋበዙም። በቦታው ያስገቡት እነዚህን ነበር፤ ጫማዎ ይገባል? ሌሊቱን ተጋድመው ነው ወይስ ተቀምጠው የተኙት? ከበሩ እዚህ እስኪደርሱ አረፍ ብለዋል? ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው የነገሩኝን ዛሬም እንደሰማሁት አስታውሰዋለሁ።

«የኛ ሰው እንዴት ነህ ሲባል ስለ ጤናው አይደለም የሚመልሰው» አሉኝ። «ሰላምታውን ነው የሚመልሰው። ኦሮሞው አማራው፣ ክርስቲያኑ እስላሙ፣ እዚህ ላይ አንድ ነን። እየሞተ ተመስገን ይላል። ስለ ጫማው ከጠየቅሽው ግን አይዋሽም፤ ስለ ጫማ መዋሸት ማንም አላስተማረውም።»

ከዚያ በኋላ ሰው ወደ ቢሮ ሲገባ ከፊቱ በፊት እግሩን ያያሉ። የማያውቃቸው ዓይን አፋር ይመስሉታል። አዲስ ሠራተኛ ሴቶች ጫማችንን ይንቃል ብለው አምተዋቸዋል። በዚያ ፕሮግራም የሠራንባቸው ዓመታት ማሽን ሳይበላሽ የቀረባቸው ዓመታት አይደሉም፤ ግን ይመለሱ የተባለ ሰው በመንገድ ሲሞት አልሰማንም።

ከዚያ አዲሱ ሲስተም መጣ። አንገታቸው ላይ መታወቂያ ያንጠለጠሉ፣ ታብሌት የያዙ ወጣቶች መጥተው በትልቁ አዳራሽ አሳዩን። ያምራል፣ አልዋሽም። ሕመምተኛው ቤቱ ሆኖ በስልኩ ይጠየቃል፤ አንድ በጣም መጥፎ፣ አምስት በጣም ጥሩ፤ ሲስተሙ ራሱ ይደለድላል። ከዚያ በፊት ነርሶቹ በዘመድ ያስገባሉ የሚል ክስ ስለነበር ኃላፊዎቹ የሰው እጅ እንዳይገባበት ቆረጡ። ጋሽ ደምሰው እጃቸውን አወጡ። ጥያቄው ልክ አይደለም አሉ፤ የኦቦ ቃሲምን ታሪክ ተናገሩ። ከወጣቶቹ አንዱ አስተያየቱን በጣም እናከብራለን አላቸው። ጊዜው ከምሳ በኋላ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ጡረታቸው ደረሰ። የምስክር ወረቀት ሰጧቸው፣ ጋቢ አለበሷቸው። ንግግር ያድርጉ ሲባሉ ተነሡና «ጋቢው ጥሩ ነው። ጥያቄው መጥፎ ነው» ብለው ተቀመጡ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ቀልድ መስሎት ነው።

ስኳራቸው የቆየ ነበር። መጀመሪያ ዓይናቸውን አደከመው፤ ስልክ ላይ የተጻፈ ነገር ሰው ካላነበበላቸው አያውቁትም። ቀጥሎ ኩላሊታቸውን። እናም ጋሽ ደምሰው ቁጭ ብለው ፕሮግራም የጻፉበት አግዳሚ ላይ፣ በሕመምተኛ ወገን፣ ተመልሰው ተቀመጡ። መጀመሪያ ሰሞን ማሽኖቹ ደህና ስለነበሩ ሁሉም ይገባ ነበር። እየቀለዱ፣ አሁን ሕጌን ሙሉ በሙሉ ፈጸምኩ ይሉኝ ነበር።

ከዚያ ማሽኖቹ ተራ በተራ መቆም ጀመሩ። መለዋወጫ የለም ተባለ። ድልድሉ በሲስተሙ ሆነ፤ ሰዉ ከየቤቱ አምስት ይልካል፣ አራት ይልካል፣ በመጣ ጊዜ ግን ጫማው በፌስታል ነው። ጋሽ ደምሰው ከአንዱ ኃላፊ በር ወደ ሌላው በር ተመላለሱ። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀይሩ፣ እኔ በነፃ እሠራዋለሁ አሉ። ውሉ አይፈቅድም ተባሉ። እኔ ሲስተሙን ከፍቼ ልቀይረው ሞከርኩ፤ ዝግ ነው። ድርጅቱ ጋ ደወልኩ፣ ጻፍኩ፣ ለመንኩ። ጥያቄዎ በሂደት ላይ ነው። አንድ ቀን ጋሽ ደምሰው ስልኩን ከእጄ ወስደው የተቀዳውን ድምፅ ሲለምኑ ሰማኋቸው፤ እባካችሁ ልጆቼ ይሉ ነበር። እኔ ያን ቀን ይህን ሙያ ጠላሁት። እስከ ዛሬም መልሼ አልወደድኩትም።

በላይ በኩል እምቢ ሲላቸው አግዳሚው ላይ ሞከሩ። ከጎናቸው የሚቀመጡትን ሁሉ ጫማቸውን እየጠየቁ፣ ጫማሽ እምቢ ካለ አንድ ላኪ፣ ተቀምጠህ ካደርክ አንድ ላክ እያሉ ይሰብኩ ጀመር። ሁሉም እሺ ይላቸዋል፤ ቤቱ ሲደርስ አራት ይልካል። በተለይ ማርታ አስቸገረቻቸው። ማርታ አዳሚ ቱሉ ችግኝ የምታፈላ፣ ትንሽ ልጅ ያላት ሴት ናት፤ ቀናቸው አንድ ስለሆነ ተላምደዋል፣ ጋሼ ትላቸዋለች። የወንጌል አማኝ ናት። በጣም መጥፎ ብዬ በገዛ እጄ አልጽፍም፣ አንደበት ኃይል አለው፣ እምነቴን ማፍረስ ነው አለቻቸው። ጋሽ ደምሰው ተቆጧት፤ እግዜር ሲስተሙን የሚያነብ ይመስልሻል ወይ አሏት። ከዚያ ስለ ልጇ አነሡባት። አለቀሰች። እሳቸውም አለቀሱ። ሲስተር ሀዊ መጥታ ሁለቱንም ዝም አሰኘቻቸው።

ያን ቀን ነው ልሸኛቸው ስወጣ፣ በሩ ላይ ቆም ብለው እንድጽፍ ያዘዙኝ። «ከሞትኩ ይሄን ነገር ጻፊው» አሉኝ። «ግን ጀግና ነበር፣ በጸጋ ተቀበለ ምናምን እንዳትዪ። እኔ መሞት አልፈልግም። በጣም ነው የምፈራው። ይሄንንም ጻፊ።»

ይኸው ጽፌዋለሁ፤ በጣም ይፈሩ ነበር።

በመጨረሻው ሳምንት በመጀመሪያው ቀጠሯቸው ተራ አጥተው ተመልሰው ነበር። ለሚቀጥለው አንድ እንደሚልኩ ቆርጠዋል፤ ለኔም ለእትዬ አሰለፈችም ነግረውናል። የሆነውን ግን እትዬ አሰለፈች እንዲህ አወሩኝ። ከቀጠሮው በፊት ባለው ቀን፣ አመሻሽ ላይ፣ የዕድራቸው ሰዎችና የንስሐ አባታቸው ሊጠይቋቸው መጡ። ጋሽ ደምሰው ወንበራቸው ላይ በትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። እንግዳው ሁሉ ተራ በተራ እንዴት ነህ ይላል፤ እሳቸውም ተመስገን፣ ዛሬስ ደህና ነኝ ይላሉ። በዚህ መሐል ስልካቸው ጮኸ። ዓይናቸው ስለማያይ ከዕድርተኞቹ አንዱ አንሥቶ ጮክ ብሎ አነበበላቸው፤ «ዛሬ እንዴት ነዎት ይላል» አለ። ሁሉም መልሳቸውን ይጠብቃል።

«አምስት በልልኝ» አሉ።

እንግዶቹ ከወጡ በኋላ ነው ያደረጉትን ያወቁት። እትዬ አሰለፈችን አንድ ብለው እንዲልኩ አዘዟቸው። ላኩ። «ምላሽዎ ቀደም ሲል ተመዝግቧል። እናመሰግናለን» የሚል መጣ።

ጠዋት ቢሮ ስገባ ጋሽ ደምሰው ደወሉልኝ። ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ ነበር። «አንቺ ልጅ፣ ተሳሳትኩ» አሉኝ። «አምስት አልኩ። ሰው ፊት ነበርኩ።»

ስልኩን ሳልዘጋ ወደ እጥበት ክፍሉ ሮጥኩ። ሲስተር ሀዊ ነገሩን ስትሰማ ሲስተሙ የፈለገውን ይበል፣ ቦታ ካለ አስገባቸዋለሁ አለች። ግን ቦታ አልነበረም። በሚሠሩት ማሽኖች ላይ ያሉት ሁሉ ተሰክቶላቸዋል፤ ያልተሰካላት አንዷ ብቻ ናት፣ ማርታ። ለመጀመሪያ ጊዜ የጋሽ ደምሰውን ምክር ሰምታ አንድ ልካ፣ ተራ አግኝታ፣ ወንበሩ ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። የምንነጋገረውን ሰማች። ተነሣች።

«እኔ ደህና ነኝ» አለች። «ለጋሼ ይሁን። እኔ በሚቀጥለው እመጣለሁ።»

ስልኩ እጄ ላይ ክፍት ነው። ሰምተዋታል።

«ጫማዋ ይገባል?» አሉኝ።

ወደ እግሯ ማየት አልፈለግኩም። አየሁ። የመጣችው በነጠላ ጫማ ነው፤ እሱም ከጣቷ አልፎ አልገባም፣ ተረከዟ ሲሚንቶው ላይ ነው፣ ቁርጭምጭሚቷ ጠፍቷል። መዋሸት እችል ነበር። ይገባል ብል ጋሽ ደምሰው ባጃጅ ይዘው በደቂቃዎች ይደርሱ ነበር። ማርታም በዓይኗ ይገባል በያቸው ትለኛለች። ግን ያንን ጥያቄ የጠየቁኝ ያስተማሩኝ ሰው ናቸው፤ አፌ እምቢ አለኝ።

«ንገሪኝ» አሉ።

«አይገባም ጋሼ» አልኩ።

«እኔ መሞት አልፈልግም» አሉ። ማልቀሳቸው ይሰማኛል። ደጋገሙት። ከዚያ «በይ ትግባ» አሉና ዘጉት።

ሲስተር ሀዊ እያለቀሰች ለማርታ ሰካችላት። ማርታ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና እስኪያልቅ ድረስ አልገለጠችውም። እኔ ቀኑን ሙሉ ስልክ ስደውል ዋልኩ። ከተማው ውስጥ ያለው ሁሉ ሞልቷል። አዲስ አበባ አንድ ቦታ ለማግስቱ ጠዋት ይምጡ አሉን፤ እትዬ አሰለፈች መኪና አዘጋጁ፣ ልብሳቸውን ቋጠሩ። ጋሽ ደምሰው መኪናው ሳይመጣ፣ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው፣ ሲነጋጋ አረፉ።

ቀብራቸው ላይ ከንግግር አድራጊዎቹ አንዱ በሽታቸውን በጸጋ የተቀበሉ ጀግና ነበሩ አለ። ልነሣና ልጮህበት ፈልጌ ነበር። ሰው ፊት ስለነበርኩ ዝም አልኩ።

ማርታ በሕይወት አለች። እትዬ አሰለፈች በደወሉልኝ ቀን ሲስተር ሀዊ ቢሮዬ መጥታ ነገረችኝ፤ ለማግስቱ ቀጠሮ አራት ልካለች። ስትደውልላት ጌታ ይመስገን፣ ደህና ነኝ አለቻት። ሲስተር ሀዊ ይህን ነግራኝ ቆማ ቀረች። ከመደርደሪያው ላይ የጋሽ ደምሰው ኪቦርድ ያየናል፤ የሚጽፍበት የለም።

ከሥራ ስወጣ ለእትዬ አሰለፈች በገባሁላቸው ቃል መሠረት ቤታቸው ሄድኩ። ሳሎኑ ውስጥ ለቅሶ ደራሽ አለ፤ ፍራሹ ላይ ተደርድሮ በዝግታ ያወራል። የጋሽ ደምሰው ወንበር ከነትራሱ መስኮቱ ሥር ነው። ማንም አልተቀመጠበትም። እትዬ አሰለፈች ስልኩን ከመቀነታቸው ፈትተው ሰጡኝ። መልእክቱ እንደነገሩኝ ነው። ከሥሩ ሌላ ጨምሯል፤ ምላሽዎን እየጠበቅን ነው ይላል። መልእክቱ ዳግመኛ እንዳይደርሳቸው ቁጥሩን ዘጋሁትና ስልኩን መለስኩላቸው። ከእንግዲህ አይጠይቅዎትም አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ደስ ያላቸው ግን አልመሰለኝም።

ቢከሱም ነጠላቸውን አደግድገው፣ ቀጥ ብለው ነበር የቆሙት። ለቅሶ ደራሾቹ ያዩናል።

«እንዴት ነዎት እትዬ?» አልኳቸው፣ ሳላስበው።

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አሉኝ። «አንቺስ ደህና ነሽ?»

ደህና ነኝ አልኩ። ከዚያ እጃቸውን ይዤ ወደ ጓዳው በር ራቅ አደረግኳቸውና ድምፄን ዝቅ አድርጌ ሌላውን ጠየቅኳቸው።

«ሌሊቱን ተጋድመው ነው የተኙት?»

ወደ መስኮቱ፣ ወደዚያ ወንበር ዞር አሉ።

«ተቀምጬ» አሉኝ። «እሱ ላይ ተቀምጬ ነው የማድረው።»